ስም ሳይነጥቁ፣ ቤት ሳይነፍጉ
የቲምን ስለማሳደግ ከቀደምቶቻችን ታሪክ



ውድ አንባቢያን! የሌላ ሰው ልጅ ወስደው ለማሳደግ እያሰቡ በሁለት ሐሳብ መካከል የሚዋልሉ ሙስሊም ቤተሰቦች በየመንደራችን አሉ። ከፊሎቹ «ጉዲፈቻ በኢስላም ሐራም ነው» የሚለውን ብቻ ሰምተው ወላጅ ያጣውን ሕፃን ከደጃቸው ይመልሳሉ። ሌሎቹ ደግሞ ሕፃኑን በርኅራኄ ይቀበሉና በአባቱ ስም ፈንታ የራሳቸውን ስም ሰጥተው፣ ከማን እንደተወለደ ሰውረው ያሳድጉታል። የፊተኞቹ የቲሙን ቤት ነፈጉት፤ የኋለኞቹ ስሙን ነጠቁት። ሁለቱም ክፋት አስበው ያደረጉት አይደለም። የጎደላቸው ዕውቀትና አማካሪ ነው።

ይህ ጭንቀት ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። የመጀመሪያው የሙስሊም ትውልድ በዚሁ መንገድ አልፏል። በደረሰበት ችግር ሁሉ ያደረገው አንድ ነገር ቢኖር መጠየቅ ነው። እስቲ ታሪካቸውን አብረን እንመልከት።

የየቲሙ ነቢይ አሳዳጊዎች

እንደሚታወቀው ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የተወለዱት አባታቸው ዐብደላህ ከሞቱ በኋላ ነው። በጨቅላነታቸው ከበኒ ሰዕድ ጎሳ የሆነችው ሐሊማ አጠባቻቸው። 6 ዓመት ሲሆናቸው እናታቸው አሚና በመካና በመዲና መካከል በምትገኘው አብዋእ አረፉ። ሕፃኑን ይዛ ወደ መካ የተመለሰችው ሐበሻዊቷ በረካ ማለትም ኡሙ አይመን (ረ.ዐ) ናት። ከዚያም አያታቸው ዐብዱል ሙጦሊብ ተረከቧቸው። በ8 ዓመታቸው አያትየው ሲሞቱ አጎታቸው አቡ ጧሊብና ሚስቱ ፋጢማ ቢንት አሰድ አሳደጓቸው።

አስተውሉ! አንድን የቲም ለማሳደግ ስንት እጅ ተባበረ? አጥቢ፣ ሞግዚት፣ አያት፣ አጎት፣ የአጎት ሚስት። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። በአቡ ጧሊብ ቤት ከልጆቹ ጋር እየበሉና እየተኙ ቢያድጉም፣ ማንም ሰው «የአቡ ጧሊብ ልጅ» ብሎ ስማቸውን አልለወጠም። ሙሐመድ ኢብኑ ዐብደላህ እንደሆኑ ኖሩ። ቤቱን አገኙ፤ ስሙንም አላጡም። አላህም (ሱ.ወ) በሱረቱ አድ-ዱሓ የቲም ሆነው ሳለ እንዳስጠጋቸው ካስታወሳቸው በኋላ የቲምን እንዳይጨቁኑ አዘዛቸው።

ስሙ የተመለሰለት ዘይድ

ዘይድ ኢብኑ ሓሪሳ (ረ.ዐ) የከልብ ጎሳ ልጅ ነበር። በልጅነቱ በዘራፊዎች ተማርኮ ተሸጠ። ሐኪም ኢብኑ ሒዛም ገዝቶ ለአክስቱ ለኸዲጃ (ረ.ዐ) ሰጣት፤ እርሷም ለባለቤቷ ለሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሰጠች። አባቱ ሓሪሳ ፍለጋውን አልተወምና ከወንድሙ ጋር መካ ድረስ መጥቶ ልጁን ለማስለቀቅ ጠየቀ። ምርጫው ለዘይድ ተሰጠ። ዘይድም መቅረትን መረጠ። ነገሩ የሆነው ከነቢይነት በፊት ነውና፣ በዘመኑ ልማድ መሠረት በካዕባ አጠገብ በሕዝብ ፊት ልጃቸው መሆኑ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ ዘይድ ኢብኑ ሙሐመድ ተባለ።

በመዲና የሱረቱል አሕዛብ 4ኛና 5ኛ አንቀጾች ሲወርዱ ይህ ልማድ ተሻረ። ልጆች በወለዷቸው አባቶች እንዲጠሩ፣ አባታቸው ያልታወቀውም የሃይማኖት ወንድሞች መሆናቸው ተደነገገ። ዘይድም ዳግም የሓሪሳ ልጅ ተባለ።

ውድ አንባቢያን! እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። አንቀጹ የሻረው «ተበኒ» የሚባለውን፣ ያልወለዱትን ልጅ ወለድኩት ማለትን ነው። ዘይድን ግን ከነቢዩ ፍቅር አላወጣውም። በቁርኣን ውስጥ በስሙ የተጠራ ብቸኛው ሰሓባ እርሱ ነው። ከኡሙ አይመን የወለደው ኡሳማም በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጭን ላይ ያደገ፣ በ11ኛው ዓመተ ሂጅራም ታላላቅ ሰሓቦች ያሉበትን ጦር እንዲመራ የተሾመ ወጣት ነው። ስሙ ተመለሰ እንጂ ቤቱ አልተዘጋም።

የሰህላ ጥያቄ

ያ አንቀጽ ሲወርድ የደነገጠ ሌላም ቤት ነበር። አቡ ሑዘይፋ ኢብኑ ዑትባና ባለቤቱ ሰህላ ቢንት ሱሀይል (ረ.ዐ) በመካ ስደት ሲበረታ ወደ አገራችን ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት መካከል ናቸው። ልጃቸው ሙሐመድም የተወለደው እዚሁ በሐበሻ ምድር ነው። እነርሱ ሳሊም የተባለውን ነፃ የወጣ ወጣት እንደ ልጅ ይዘውት ነበር። ሳሊም አብሯቸው በአንድ ቤት ይኖራል፤ ሰህላ በቤት ልብሷ ሳለችም ይገባል፣ ይወጣል። አንቀጹ ከወረደ በኋላ ግን ሳሊም ባዕድ ወንድ ሆነ። ታዲያ ምን ይደረግ?

ሰህላ ሳሊምን ከቤት አላስወጣችም። ሕጉንም እንዳልሰማች አልሆነችም። ተነሥታ ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሄደች፤ የቤቷን ሁኔታ ሳታፍር ተናገረች። ረሱልም በጥቢ መንገድ መፍትሔ ሰጧት። ይህ ፍቃድ ለሳሊም ብቻ የተሰጠ እንደሆነና፣ ጥቢ ዝምድና የሚያስገኘው በሕፃንነት እንደሆነ አብዛኞቹ ዑለማእ ይስማማሉ። ለእኛ የሚተርፈው ትልቁ ትምህርት ግን አንዲት እናት የጓዳዋን ችግር ይዛ ዐዋቂን መጠየቋ፣ ዐዋቂውም በር አለመዝጋቱ ነው።

ሳሊምስ ምን ሆነ? ቁርኣንን ከእነርሱ ተማሩ ተብሎ በረሱል ከተጠሩት አራት ሰዎች አንዱ ሆነ። አባቱ ማን እንደሆነ በውል ስላልታወቀ «የአቡ ሑዘይፋ መውላ» እየተባለ ተጠራ፤ ይህም ክብሩን አልቀነሰበትም። በየማማ ጦርነት እርሱና አቡ ሑዘይፋ በአንድነት ተሰዉ።

ማዕድ የለዩት ሰሓቦች

የየቲምን ገንዘብ ያለ አግባብ የሚበሉ ሰዎች እሳት እንደሚበሉ የሚያስጠነቅቀው የሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ (4፡10) ሲወርድ አሳዳጊዎች እጅግ ፈሩ። የየቲሙን ምግብ ከራሳቸው ምግብ፣ መጠጡንም ከመጠጣቸው ለዩ። ሕፃኑ ብቻውን ይበላ ጀመር። የተረፈው እስኪበላሽ ድረስ ይቀመጥለታል፤ የሚነካው የለም። ነገሩ ሲከብዳቸው ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ። መልሱ ከሰማይ በሱረቱል በቀራ 220ኛው አንቀጽ መጣ፦ የየቲሞችን ጉዳይ ማሳመር መልካም ነው፤ ብትቀላቅሏቸውም ወንድሞቻችሁ ናቸው፤ አላህ የሚያጠፋውን ከሚያሳምረው ለይቶ ያውቃል።

እንግዲህ ልብ በሉ! ከፍርሃት ብዛት ሕፃንን ለብቻው ማብላትም የቲምን መጉዳት ነው። ያንን የፈታው ጥያቄ ነበር። ዛሬም «ሐራም እንዳይሆንብኝ» ብሎ የቲምን ከማዕዱ የሚያርቅ ሰው ከእነዚያ ሰሓቦች ጋር እስከ ፍርሃቱ ድረስ ተጉዟል፤ እስከ ጥያቄው ግን አልደረሰም።

በአንዲት ልጅ የተከራከሩ ሦስት ሰዎች

ሐምዛ (ረ.ዐ) በኡሑድ ሲሰዋ ልጁ በመካ ቀርታ ነበር። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ (629 እ.ኤ.አ) ሙስሊሞች ዑምራ አድርገው ከመካ ሲወጡ ልጅቷ እየተጣራች ተከተለቻቸው። ዐሊ እጇን ይዞ ለፋጢማ ሰጣት። ከዚያም ዐሊ፣ ጀዕፈርና ዘይድ በእርሷ ተከራከሩ። ክርክራቸው «አንተ ውሰዳት» የሚል አልነበረም፤ እያንዳንዱ «እኔ ነኝ የማሳድጋት» ይል ነበር። ዐሊ የአጎቴ ልጅ ናት አለ። ጀዕፈር የአጎቴ ልጅ ከመሆኗም በላይ አክስቷ ባለቤቴ ናት አለ። ያ በስሙ ምክንያት አንቀጽ የወረደበት ዘይድ ደግሞ በሂጅራ ወንድማማችነት የወንድሜ ልጅ ናት አለ። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) የእናት እህት በእናት ቦታ እንደምትቆም ገልጸው ለአክስቷ ለአስማ ቢንት ዑመይስ ፈረዱ። ሦስቱንም ግን በመልካም ቃል አስደስተው ሸኟቸው። አስማም እንደ ባሏ እንደ ጀዕፈር ብዙ ዓመት በሐበሻ የኖረች፣ ልጆቿንም እዚህ የወለደች ሴት ናት።

ዓመት ሳይሞላ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ በሙእታ ዘመቻ ዘይድና ጀዕፈር ተከታትለው ተሰዉ። የሰው የቲም የተቀበለው ጀዕፈር የራሱን ልጆች የቲም አድርጎ አለፈ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ቤቱ ሄደው ልጆቹን አቅፈው አለቀሱ፤ ለቤተሰቡም ምግብ እንዲሠራ አዘዙ። አስማ የልጆቿን የቲምነት ስታነሣባቸውም ኃላፊያቸው እርሳቸው እንደሆኑ ነገሯት። በሱረቱ ኒሳእ 9ኛው አንቀጽ ደካማ ልጆችን ትተው ቢሞቱ የሚሰጉ ሰዎች በሌሎች የቲሞችም ላይ አላህን እንዲፈሩ መታዘዙ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ በዚህ ቤት ታሪክ እናያለን።

ዛሬ ማንን እንጠይቅ?

ልጅ ለማሳደግ ያሰባችሁ ወገኖች! የእናንተ «ሰህላዊ» ጥያቄዎች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ስም። በአገራችን ልማድ ከልጁ ስም ቀጥሎ የሚጻፈው የአባቱ ስም ነው። የአሳዳጊውን ስም በዚያ ቦታ ማስገባት ወለድኩት ማለት ይሆናል። አባቱ ለማይታወቅ ልጅ ደግሞ «ዐብደላህ»ን የመሰለ አጠቃላይ ስም መስጠትን ዑለማእ ይፈቅዳሉ።

ሁለተኛ፣ ጥቢ። ሕፃኑ 2 ዓመት ሳይሞላው አሳዳጊ እናቱ ብታጠባው የጥቢ ልጇ ይሆናል፤ የሒጃቡም ችግር ይቃለላል። እርሷ ወተት ከሌላት እህቷ ብታጠባው ለርሷ የእህት ልጅ ይሆናል። ለሴት ሕፃን ደግሞ የባልየው እህት ብታጠባት እርሱ አጎቷ ይሆናል። በሻፊዒይ መዝሀብ አምስት የተሟሉ ጥቢዎች ያስፈልጋሉ። እንግዲህ ይህን ጥያቄ ከጊዜው በፊት ጠይቁ፤ ሁለት ዓመት ቶሎ ያልፋል።

ሦስተኛ፣ ንብረት። ያሳደጉት ልጅ በውርስ ሕግ ወራሽ አይሆንም። ነገር ግን በሕይወት ሳላችሁ ስጦታ ልትሰጡት፣ ከሀብታችሁም እስከ አንድ ሦስተኛ ድረስ በወሲያ ልትተዉለት ትችላላችሁ። የራሱ ንብረት ካለው ደግሞ በጽሑፍ መዝግባችሁ አቆዩት፤ ሲደርስም በምስክር ፊት አስረክቡት።

አራተኛ፣ ሕግ። «ጉዲፈቻ» የሚለው ቃል ከኦሮምኛ የመጣ ሲሆን ከማሳደግ ጋር የተያያዘ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል ቤተሰብ ሕግ ግን ለቃሉ ሰፋ ያለ ትርጉም ይሰጠዋል፦ የጉዲፈቻ ልጅ እንደ አድራጊው ልጅ ይቆጠራል፤ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስርም አይቋረጥም፤ ስምምነቱም በፍርድ ቤት መጽደቅ አለበት። ክልሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። የውጭ አገር ሰዎች ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን በጉዲፈቻ መውሰዳቸው በ2010 ዓ.ም. በሕግ መቅረቱን እናስታውሳለን፤ ስለዚህ ወላጅ ያጡ ልጆቻችን የሚጠብቁት እኛን ነው። ከመፈረማችሁ በፊት የፈረማችሁት ወረቀት የነሰብ ለውጥ መሆኑን ወይስ ሞግዚትነትና አሳዳሪነት መሆኑን ለዳኛም ለዓሊምም አቅርባችሁ ጠይቁ። የሸሪዐ ፍርድ ቤቶች ባለጉዳዮች ፈቅደው ሲቀርቡላቸው የአሳዳሪነት፣ የስጦታና የኑዛዜ ጉዳዮችን ያያሉ። በ1989 (እ.ኤ.አ) የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በ20ኛው አንቀጹ የኢስላምን ከፋላ ከሕፃናት ማሳደጊያ መንገዶች አንዱ አድርጎ በስሙ ጠቅሶታል። ስለዚህ «በሸሪዐው መንገድ ማሳደግ እፈልጋለሁ» ብላችሁ በቢሮ ስትናገሩ እንግዳ ነገር አልጠየቃችሁም።

አምስተኛ፣ እውነቱ። ልጁ ከማን እንደተወለደ ለዕድሜው በሚመጥን ቃል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ፣ ከእናንተው አፍ ይስማ። ዘይድ አባቱን እያወቀ ነው በፍቅር የቀረው።

ጎረቤቶችና ዘመዶች ሆይ! እናንተም ተጠያቂዎች ናችሁ። የቲም የተቀበለ ቤት ብቻውን አይተው። ልብስ ያለው ልብስ፣ ጊዜ ያለው ጊዜ፣ ዕውቀት ያለው ዕውቀት ያዋጣ። የየቲም አሳዳጊ በጀነት ከነቢዩ ጋር እንደ ሁለት ጣቶች እንደሚቀራረብ በሐዲስ የተነገረው ብስራት ለሚያግዝም ለሚደግፍም ተስፋ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ለየቲሞች ቤት የምንሆን፣ ስማቸውንም እንደ አማና የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።