የዩኒቨርሲቲ ነገረ ፈጅነት በሚዛን አማንና በቴፒ

የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ነገረ ፈጅ ተቋሙን ወክሎ በፍርድ ቤት የሚከራከር፣ ውሎችን የሚያረቅና የሚመረምር እንዲሁም ለሥራ አመራሩ የሕግ ምክር የሚሰጥ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሙያው በዛሬዎቹ የቤንች ሸኮና የሸካ ዞኖች በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የተጀመረው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም ከተቋቋመ በኋላ ነው። የዩኒቨርሲቲው ሁለት ግቢዎች ቀድሞ ሚዛን ተፈሪ በሚባለው በሚዛን አማን ከተማና በቴፒ የሚገኙ ሲሆን፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

በአገሪቱ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የሕግ ትምህርት የተጀመረው በ1956 ዓ.ም በአዲስ አበባ በተከፈተው የሕግ ፋኩልቲ ነው። ዛሬ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የራሱ የሕግ ትምህርት ቤት አለው።

ዩኒቨርሲቲው ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት በመሆኑ የሚከስባቸውና የሚከሰስባቸው የፍትሐ ብሔር ጉዳዮች በመርህ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ናቸው። ሆኖም የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 78 እና 80 የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን በውክልና ለክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደግሞ ለክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሰጣሉ። በመሆኑም ነገረ ፈጁ የፌዴራል ሕግን ጠቅሶ የሚከራከረው በክልል ችሎት ሊሆን ይችላል። የሰበር አቤቱታ ግን አዲስ አበባ በሚገኘው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ90 ቀናት ውስጥ መቅረብ አለበት። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚሠራ ባለሙያ ይህ ጊዜ የሚመስለውን ያህል ረጅም አይደለም፤ የውሳኔው ግልባጭ የሚወጣውም በዚያው ጊዜ ውስጥ ነው።

አዲስ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከምንም በላይ ግንባታ ያካሂዳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1724 ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። ተጨማሪ ሥራ በቃል ታዝዞ፣ የቅድመ ክፍያ ዋስትናው ጊዜ አልፎበት፣ የጊዜ ማራዘሚያው ሳይጻፍ ከቀረ በኋላ ለሕግ ክፍል የሚመራ ፋይል ለክርክር እንጂ ለመፍትሔ አይመችም። የነገረ ፈጁ ሚና ጎልቶ መታየት ያለበት ከፊርማ በፊት ነው።

የአካባቢው ልዩ ጉዳይ መሬት ነው። ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅ ይዞታ ብዙ ጊዜ ቡና፣ ኮረሪማ፣ እንሰትና ሙዝ የለማበት ነው። ቡና ከተተከለ በኋላ የመጀመሪያውን ምርት ለመስጠት ከ3 እስከ 4 ዓመት ስለሚፈልግ፣ ካሳው የአንድ ዓመት ለቀማን ብቻ በማስላት አይወሰንም። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት ተነሺው የሚያገኘው የመፈናቀያ ካሳ የ5 ዓመት አማካይ ገቢ 10 እጥፍ ነበር። አዋጁን የተካው ቁጥር 1161/2011 ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ያላገኘ ተነሺ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛ የሆነው ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ እንዲከፈለው ደንግጓል። ይዞታውን የሚያስለቅቀው የአካባቢው አስተዳደር ቢሆንም፣ የቆጠራው ሰነድ ጉድለት ካለበት ውዝግቡ ወደ መሬቱ ተጠቃሚ መምጣቱ አይቀርም። በመሆኑም የዛፍ ቆጠራው፣ የአርሶ አደሩ ፊርማና የክፍያ ደረሰኙ ሳይጓደሉ በሕግ ክፍሉ ፋይል መገኘታቸው ለገበሬውም ለመንግሥት ገንዘብም መጠበቂያ ነው።

በተማሪዎችና በሠራተኞች ጉዳይ ደግሞ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ተቋማት ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ይጠይቃል። ምክንያት የሌለው የስንብት ደብዳቤ ለነገረ ፈጁ የሚከራከርበት ነገር አይተውለትም።

በሙያው የሚቆዩት ጥቂቶች ናቸው። ብዙዎች ልምድ ካገኙ በኋላ ወደ ዳኝነት፣ ወደ ዐቃቤ ሕግነት ወይም ወደ ግል ጥብቅና ይሸጋገራሉ። ዳኛ የሆነው ቀድሞ በነገረ ፈጅነት የያዘው ጉዳይ በችሎቱ ሲቀርብ ከመዝገቡ መነሳት አለበት። ዳኞች ጥቂት በሆኑበት ከተማ ደግሞ የሚተካው ዳኛ እስኪመደብ መዝገቡ ይቀጠራል።