ከገና በፊት የሚሾረው እንዝርት

ስለ ገና ሲጻፍ በአብዛኛው የሚጻፈው ስለ ወንዶች ነው። ሩሯን ተከትለው ሜዳ ለሜዳ የሚሯሯጡ ጎረምሶች፣ በጨዋታው ሜዳ ላይ ለአንድ ቀን ጌታውን የሚዳፈር አሽከር፣ ላሊበላ ላይ ቤተ ማርያምን ከላይና ከታች ከበው ቤዛ ኩሉ የሚያሸበሽቡ ካህናት። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ለማየትም ደስ ይላል። ግን እህቶቼ፣ የላሊበላን የገና ፎቶግራፍ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ከዳር እስከ ዳር የሞላው ነጭ ልብስ ነው። ያ ልብስ በሸማኔ እጅ ተሠራ ይባላል፤ ሸማኔው ግን ክሩን ያገኘው ከሴት ነው። በዚህ ጽሑፍ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚያች ሴትና ስለ እንዝርቷ ነው።

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ገና ታኅሣሥ 29 ሲውል ጾሙ 44 ቀን ይሆናል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን በዓሉ በ28 ስለሚውል አንድ ቀን ይቀንሳል። ለጿሚው ይህ የጾም ወራት ነው። ለቤቲቱ እመቤት ደግሞ የፈትል ወራትም ነበር። ዝናቡ አብቅቷል፣ ሌሊቱ ረዝሟል፣ ብርዱ ከእሳት ዳር አያስነሣም። ከቀኖቹ ላይ ግን እሑዶች፣ ኅዳር ጽዮን፣ ታኅሣሥ ገብርኤልና በየደብሩ የሚከበሩት በዓላት ይነሣሉ፤ በበዓል ቀን አይፈተልምና። የቀሩት ቀናት ደግሞ የአጨዳና የውቂያ ቀናት ናቸው። ስለዚህ ፈትሉ የሚሠራው ከእህሉ ሥራ መልስ፣ አመሻሽ ላይ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሣ። አዲስ ልብስ የሚወጣው ለገና ሳይሆን ለጥምቀት ነው የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል፤ ልክ ነው። ሆኖም ከገና እስከ ጥምቀት ያለው 12 ቀን ብቻ ነው። ለጥምቀት የሚለበሰውም ቢሆን ክሩ የሚፈተለው በዚሁ በገና ጾም ነው። በ12 ቀን ውስጥ ተፈትሎ፣ ተሸምኖ፣ ተሰፍቶ የሚያልቅ ቀሚስ የለም።

ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ልጆቻችን ስለማያውቁት ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ጥጡ ከቆላ ይመጣል፤ ሴትየዋ ከገበያ ከነፍሬው ትገዛዋለች። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጋ በብረት መዳመጫ እየዳመጠች ፍሬውን ታወጣለች። ቀጥሎ በደጋን ትነድፈዋለች። የደጋኑ ጅማት ጥጡን እየመታ ሲያፍታታው ቤቱ በብናኝ ይሞላል፤ አጠገቧ የተቀመጡት ልጆች ቅንድባቸው ሳይቀር ሽበት ያወጣ ይመስላል። ተነድፎ የተፍታታው ባዘቶ ይባላል፤ ባዘቶው በትንሽ በትንሹ ሲጠቀለል አመልማሎ ይሆናል። እንዝርት የሚነሣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ትለቀዋለች፤ እሱ ሲሾር በሌላው እጇ አመልማሎውን ከፍ አድርጋ ክሩን ትስባለች። ሲቀጥን ይበጠሳል፤ ሲወፍር ሸማኔው ያጉረመርማል። መጠኑን የሚያውቀው ጣቷ ነው። የተፈተለው ተጠቅልሎ ልቃቂት ይሆናል።

ክሩ ሸማኔው ዘንድ ሲደርስ ሁለት ስም ይኖረዋል። በቁመት የሚዘረጋው ድር ነው፤ መሳብና መወጠር ስላለበት ጠበቅ ተደርጎ ይፈተላል። በወርድ በመወርወሪያ የሚገባው ማግ ነው፤ እሱ ላላና ለስለስ ይላል። ጋቢን ጋቢ የሚያደርገው ልስላሴና ሙቀት ከማጉ ነው። ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፤ ጋቢ ደግሞ አራት። ሸማኔው ከዕቃው ላይ ተቀምጦ በጥቂት ቀናት ለሚጨርሰው ልብስ ፈታይዋ ሳምንታት ትፈጃለች። ጋቢ ለብሶ ሜዳ ላይ የቆመ አባወራ አራት እጥፍ የሚስቱን ሌሊት ተከናንቦ ቆሟል ማለት ነው።

ሥራው ከባድ ነው ብዬ ደስታ አልነበረበትም ማለቴ ግን አይደለም። እንዝርት እንደ ወፍጮ አይደለም፤ አያስጮህም፣ ወሬ አይከለክልም። ስለዚህ ጎረቤታሞች አመልማሏቸውን በሙዳይ፣ እንዝርታቸውን በእጃቸው ይዘው አንድ ቤት ይሰበሰባሉ። ቡና ይፈላል። ጾም ስለሆነ የሚቀርበው ቆሎ ወይም ንፍሮ ነው። የትኛዋ ልጅ ለማን እንደታጨች፣ የማን ላም እንደወለደች፣ ለገናው ቅርጫ ማን ከማን ጋር እንደሚገባ የሚሰማው እዚያ ነው። ጠላው መቼ እንደሚጠነሰስ፣ ጌሾና ብቅል የጎደላት ከማን እንደምትበደር የሚወሰነውም እዚያው ነው። ትንሿ ልጅ ጥጥ በመልቀም ትጀምራለች፤ ከዚያ አመልማሎ መጠቅለል ትማራለች፤ ቀጥሎ አሮጌ እንዝርት ይሰጣትና የምትፈትለው ገመድ እየመሰለ ሲያስቃቸው ያመሻል። ከእህል ሥራ የተረፈ ጊዜ ያላት ደግሞ ክረምት ሲወጣ የሰበሰበችውን ስንደዶና አክርማ አምጥታ በወስፌ መሶቧን ትሰፋለች። በገና ዕለት ቤቱ የሚያምረው በእነዚህ ምሽቶች ነው። እኔ የገና ሰሞን ደስታ የትኛው ነው ብባል፣ ከዋናው ቀን ይልቅ እነዚህን ምሽቶች እመርጣለሁ።

ፈትል የድሃ ሥራ ብቻም አልነበረም። የመኳንንት ሚስቶችም ይፈትሉ ነበር፤ የእመቤቲቱና የገረዲቱ እጅ ከሚገናኝባቸው ጥቂት ሥራዎች አንዱ ነው። በሌላው የእጅ ሥራ ላይ የነበረው ንቀት የታወቀ ነው፤ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ብረት ሠሪውን ጠይብ እያሉ ይሰድቡት ስለነበር አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ፈታይ ተብላ የተሰደበች ሴት ግን የለችም። ሁሉም ቤት እናቱ ትፈትላለችና ማን ማንን ይሰድባል? ይህ መልካም ነው። ክፋቱ፣ ያልተሰደበ ሥራ እንደ ሥራም አለመቆጠሩ ነው። ሸማኔው ቢናቅም ዋጋ ይከፈለዋል። ለቤቷ የምትፈትለዋ ግን ሚስትነቷን እንደተወጣች ብቻ ታየች።

ከዚያ አዋጅ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1896 ዓ.ም. የገና ጾም ላይ፣ ወደ አዲስ አበባ አንድ እንግዳ መጣ። ሮበርት ስኪነር ይባላል፤ በፈረንሳይ አገር በማርሴይ ከተማ የአሜሪካ ቆንስል ነበር። ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ ወዲህ ከነአጃቢዎቹ በእንስሳት ጀርባ ተጉዞ ደረሰ። ታኅሣሥ 17 ቀን በአፄ ምኒልክና በአሜሪካ መንግሥት መካከል የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ዘመኑ ዮሐንስ ስለነበር ገና የዋለው ታኅሣሥ 28 ነው፤ ውሉ የተፈረመው ከበዓሉ 11 ቀን አስቀድሞ መሆኑ ነው። የአገሩ ሴቶች እንዝርታቸውን እያሾሩ የመጨረሻውን ልቃቂት በሚያጣድፉበት ሰሞን፣ ቤተ መንግሥት ውስጥ ስለ ጨርቅ ንግድ ይነገር ነበር። አሜሪካኖች ወደዚህ አገር ይልኩት የነበረው ዋና ነገር የፋብሪካ የጥጥ ጨርቅ ነበርና። እኛ አቡጀዲ የምንለው ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ መሪካኒ ይሉት ነበር፤ ስሙን ያወጣለት የመጣበት አገር ነው።

አቡጀዲ ከውሉ በፊትም ይገባ ነበር። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ጨርቅ ሁሉ መንገዱ ቀለለለት። ሱሪው፣ እጀ ጠባቡ፣ የዘወትር ቀሚሱ፣ ድንኳኑ ሳይቀር ቀስ በቀስ አቡጀዲ ሆነ። ጥያቄው እንግዲህ እንዝርት ያኔ ለምን አልሞተም ነው። እኔ የማምነው በዓሉ አዳነው ብዬ ነው። ለሥራ ልብስ አቡጀዲ በቂ ነው። በገና ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ለመቆም፣ ለአራስ ልጅ መታቀፊያ፣ ለሙሽራ፣ ለአማት ስጦታ ግን ጥበብ ያለበት የእጅ ሸማ ካልሆነ አልሆንም አለ። ፋብሪካ የዘወትሩን ቀን ወሰደ፤ የዓመት በዓሉ ለሴቶቹ ቀረ።

በአንድ ዓመት ግን በዓሉም አልቀረላቸውም። ጣልያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረራውን ጀመረ፤ የዚያ ዓመት ገና የጦርነት ገና ነበር። አዲስ አበባ ላይ ሴቶች በማኅበር ተሰብስበው፣ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴም ከመካከላቸው ሆነው፣ ለቁስለኛ ፋሻ ያዘጋጁ ነበር። በሌላ ዓመት በየቤቱ እንዝርት ይዘው የሚቀመጡ እጆች ያን ጊዜ በአንድ አዳራሽ ለማያውቁት ሰው ጨርቅ ይቀዱ ነበር። የሴቶች ማኅበር ስንል ቡናና እቁብ ብቻ ለሚመስለው ሰው ይህንን እነግረዋለሁ።

ከነፃነት በኋላ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የድሬዳዋና የአቃቂ ፋብሪካዎች ክር ማቅረብ ሲችሉ ሸማኔዎች ድሩን ከፋብሪካ ክር ያደርጉት ጀመር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የፋብሪካው ክር እኩል ነው፣ አይበጠስም፣ ይረክሳል። ለሴቶቹ የቀረው ማጉ ብቻ ሆነ። አንዳንዶች ይህንን እንደ ጥፋት ያወሩታል። እኔ አይመስለኝም። ከሁለቱ አድካሚው ድሩን መፍተል ነበር፤ እሱ ከላያቸው ወረደ። በዚያው ጊዜ ከተማው እያደገ፣ ሽሮ ሜዳ ላይ ከጋሞ የመጡ ሸማኔዎች ሥራ እየበዛላቸው ሲሄድ ማግ የሚሸጥ ነገር ሆነ። ሌላ ሥራ የማይሰጣቸው ባልቴቶችና ባላቸው የሞተባቸው ሴቶች ልቃቂት ሸጠው የቤት ኪራይ ከፈሉ፣ ልጅ አስተማሩ። ለዘመናት ያለዋጋ የተሠራው ሥራ መጀመሪያ ገንዘብ ያስገኘው ከግማሹ በኋላ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን የሚያሳስበኝ የቀረው ግማሽ ነው። በየዓመቱ ከገና በፊት ገበያው የጥበብ ሥዕል በታተመበት የማሽን ጨርቅ ይሞላል። ከሩቅ ላየው የሀገር ባህል ልብስ ነው። ሦስት ልጆች ያሏት እናት ሦስቱንም ለማልበስ እሱን ብትገዛ አልፈርድባትም፤ የእጅ ሥራውን ዋጋ ሁላችንም እናውቀዋለን። ነገር ግን አቡጀዲ ያልወሰደውን የበዓሉን ልብስ ይኼኛው እየወሰደው ነው። ሲወስደው ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዳው ሱቁ አይደለም፤ ሱቁ ሁለቱንም ይሸጣል። ሸማኔውም ቢሆን በፋብሪካ ክር ብቻ ሊሠራ ይችላል። በሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ያለችው፣ ልቃቂቷን በፌስታል ይዛ ገዢ የምትጠብቀው አሮጊት ናት።

መንገድ የለም ማለት ግን አይደለም። እንጦጦ ግርጌ ቀድሞ እንጨት ተሸክመው ይሸጡ የነበሩ ሴቶች ተደራጅተው ነጠላና ሻርፕ ይሸምናሉ፤ ሽመና የወንድ ሥራ ነው የተባለውን እነሱ አልሰሙትም። በእኛም ማኅበር እንዝርት ያላስቀመጡ እናቶች አሉ። ማግ ከእነሱ ገዝተን ለሸማኔ ብንሰጥ፣ ሙሉ ቀሚስ ባንችል እንኳ በቤት አንድ ነጠላ ይወጣናል። ለአንዲት ነጠላ የሚሆን ማግ ከኅዳር 15 በፊት ቢታዘዝ ለጥምቀት ይደርሳል፤ ከታኅሣሥ አጋማሽ በኋላ ለሚመጣ ትዕዛዝ ግን ፈታይዋንም ሸማኔውንም ማስጨነቅ ነው።

ገበያ ወርዳችሁ የምትገዙ ደግሞ ጨርቁን ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩት። የእጅ ፈትል ማግ አንድ ዓይነት ውፍረት የለውም፤ እዚህ ወፈር፣ እዚያ ቀጠን ይላል። በእጅ ሲጨብጡት ይሞቃል። ካላረካችሁ ከጫፉ አንድ ክር መዝዛችሁ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነድና አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሽ ከሆነ ይቀልጥና ደርቆ እንደ ጨሌ ይድቦለቦላል። ሻጩ ክር አላስመዝዝም ካለ፣ እሱም መልስ ነው።