ሳጥኑ የማይሰማው መልስ፦ የልጆች ቴሌቪዥን ከደብረ ማርቆስ ሲታይ

በ1990 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ፣ እኛ ሰፈር፣ ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር። ቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ በዳንቴል ተሸፍኖ ይቀመጣል። ሰዓቱ ሲደርስ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በሩ ላይ ይኮለኮላል። የቤቱ እመቤት ደጃፉ ላይ ቆመው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ፦ «እግራችሁን ታጥባችኋል?» ያልታጠበ ወደ ቧንቧው ይመለሳል፤ የታጠበ ይገባና ምንጣፉን ሳይነካ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ይላል። ዳንቴሉ ይገለጣል። አባባ ተስፋዬ ይመጣሉ።

ሰላምታ ሲሰጡን እኛም በአንድ ድምፅ ለሳጥኑ መልስ እንሰጥ ነበር። እንደማይሰሙን ጠፍቶን አይደለም። ሰላም ያለን ትልቅ ሰው ዝም ማለት ነውር ስለሆነ ነው።

ዛሬ ስለ ልጆች ቴሌቪዥን ታሪክ ልጽፍ ስነሣ መጀመሪያ የመጣብኝ ይሄ መልስ ነው። የኛ አገር የልጆች ቴሌቪዥን ታሪክ ከሞላ ጎደል እሱ ነውና፤ ሳጥኑ ይናገራል፣ ልጁ ይመልሳል፣ ማን ይሰማዋል?

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ቀኑ የአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ነበር። ስቱዲዮው አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ፣ ምስሉ ጥቁርና ነጭ፣ ሥርጭቱም ከዋና ከተማዋና ከዙሪያዋ አያልፍም። ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ለጎጃም ልጅ ያኔ ቴሌቪዥን የወሬ ነገር ነበር። ቀለም የመጣው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ነው።

«የልጆች ጊዜ» ግን የጣቢያው እኩያ ነው ማለት ይቻላል። አባባ ተስፋዬ፣ በሙሉ ስማቸው ተስፋዬ ሣህሉ፣ በ1915 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ተወለዱ። ልጆች ፊት ከመቅረባቸው በፊት የመድረክ ሰው ነበሩ። ሴት መድረክ ላይ መውጣት ባልተለመደበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ተጫውተዋል። ኮሪያ ድረስ ሄደው የዘመተውን ጦር አዝናንተዋል። ድምፅ እየለወጡ ጅብም፣ ባልቴትም፣ ንጉሥም መሆን የቻሉት ከዚያ ባመጡት ሙያ ነው።

እስቲ ከዓለም ጋር እናስተያየው። አሜሪካኖቹ «ሰሳሚ ስትሪት»ን የጀመሩት በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። እነሱ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ የትምህርት ተመራማሪና የአሻንጉሊት ሠሪ ቡድን ይዘው ተነሡ። እኛ ከእነሱ 5 ዓመት ቀድመን አንድ ሰው ይዘን ተነሣን። ያ አንድ ሰው 42 ዓመት ቆየ! ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግ ሄደ፤ አባባ ተስፋዬ እዚያው ነበሩ። አንድ ቤት ውስጥ አያት፣ እናትና ልጅ የሚያውቁት አንድ የቴሌቪዥን ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

ወደኛ ቤት ልመለስ። እኔን ያሳደገችኝ አያቴ ናት። እምዬ እንላታለን። እምዬ ተረት የምትነግረን ማታ ብቻ፣ ምድጃው ዳር ነው። በቀን ተረት አይነገርም፤ ብንለምናትም አትሰማም። «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» ካላልናት አትጀምርም። መሃል ላይ ቆም ትልና ወደኛ ታያለች። ዝም ካልን፣ «ተኝታችኋል» ብላ ታቋርጠዋለች። ተረቱ በእኛ መልስ ነበር የሚሄደው።

ይህ የእኛ ቤት ወግ ብቻ አይደለም። ከደብረ ማርቆስ ብዙም ሳይርቅ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከማሳተማቸው 10 ዓመት በፊት፣ በ1948፣ «ተረት ተረት የመሠረት» የሚል የተረት መጽሐፍ አውጥተዋል። የመጽሐፉ ስም ራሱ ጥሪና መልስ ነው።

በ1994 እኛም ቴሌቪዥን ገዛን። አንድ ማታ እምዬ «ተረት ተረት» ብላ ጀመረች። «እምዬ፣ ትንሽ ዝም በይ፣ ፕሮግራም እያየን ነው» አልኳት። ዝም አለች። አልተቆጣችም። ግን ሁለተኛ ሳትጠየቅ ጀምራ አታውቅም። እኛም እየቆየን መጠየቁን ተውነው።

በ1997 እኔ 9ኛ ክፍል ስገባ ፕላዝማ መጣ። በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ቴሌቪዥን። ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ «ጎበዝ!» እንዳለን ሁሉ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ማናችንም መልስ አልሰጠንም ነበር።

በዚያው ሰሞን የልጆቹ ጣቢያ ኤምቢሲ 3 በዓረብኛ ሥርጭት ጀመረ። ዲሽ ያለው ቤት ሁሉ ያንኑ ይከፍታል። ታናሽ ወንድሜ አንድም ቃል ሳያውቅ ካርቱኑን ቀኑን ሙሉ ያይ ነበር፤ ጀግናው ሲጮህ እሱም ያንኑ ይጮኻል። እናንተም ውስጥ በዓረብኛ ካርቱን ያደጋችሁ ብዙ ናችሁ። ልጅን ልወቅስ አይደለም፤ በአማርኛ ቀኑን ሙሉ የሚያናግረው ጣቢያ አልነበረማ።

አባባ ተስፋዬ ከቴሌቪዥኑ የተለዩት በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ጀመረች። ፀሐይ የ6 ዓመት ቀጭኔ ናት። የፈጠሯት የአንደኛ ደረጃ መምህርቷ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር ናቸው። የፀሐይ ድምፅ የብሩክታዊት የራሷ ነው። ብሩክታዊት ክፍል ውስጥ የምትደርሰው ጥቂት ልጆች ጋ ነበር፤ አብዛኛው የአገሩ ልጅ ግን ያኔ መዋዕለ ሕፃናት አያገኝም ነበር። ስለዚህ ክፍሉን ወደ ስክሪኑ ወሰደችው። ፊደል፣ እጅ መታጠብ፣ ፍርሃትን ማሸነፍ። በ2010 እ.ኤ.አ. ለዚህ ሥራዋ የሮሌክስን የወጣቶች ሽልማት አገኘች። ለአገራችን ልጅ ጥሩ ነገር ለመሥራት የግድ ትልቅ ጣቢያ አያስፈልግም፤ አንዲት ልጅ የምታውቅ መምህርት በቂ ናት።

እምዬ በ2003 ዐረፈች። የተረቶቿን አንዱንም አልቀዳሁም። አባባ ተስፋዬ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ሲያርፉ አገር አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ግን ለማን እንዳለቀስኩ እርግጠኛ አይደለሁም።

ባለፈው ክረምት ማርቆስ እህቴ ቤት ነበርኩ። የእህቴ ልጅ እንደ ፀሐይ 6 ዓመቷ ነው። ዝናቡ ይዘንባል፣ መብራት ጠፍቷል፣ የስልኩም ባትሪ አልቋል። «ጋሼ፣ ተረት ንገረኝ» አለችኝ። ከእምዬ ተረቶች ጨርሼ የማውቀው ሁለት ብቻ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው።

«ተረት ተረት» አልኳት።

ዝም ብላ አየችኝ፤ እስክጀምር እየጠበቀች ነው። መልስ እንዳለው አታውቅም።

«የላም በረት በይ» አልኳት።

«ለምን?»

«ካላልሽ አልጀምርም።»

አለች። ጀመርኩ። መሃል ላይ ቆም ብዬ አየኋት፤ አልተኛችም።