ሸማች

«ሸመተ» ቀድሞ እህል ከገበያ ገዛ ማለት ነበር። ጎተራው የጎደለበት ገበሬ ክረምት ሲገባ ማሽላ ይሸምታል፤ ማጭድ ግን ይገዛል እንጂ አይሸምትም። ዛሬ ቃሉ ሰፍቶ ሳሙናውንም ጫማውንም አካቷል።

ሕጉ ደግሞ ወሰን አበጅቶለታል። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚባለው ዕቃ ወይም አገልግሎት ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛ ሰው ነው። መልሶ ለመሸጥ ወይም ለማምረቻ የሚገዛ ሸማች አይደለም። ስለዚህ መተማ ዮሐንስ ላይ ሰሊጥ በኩንታል የሚሰበስበው ነጋዴ በዚህ ሥራው ሸማች አይባልም። ያንኑ ሰሊጥ ሊያጭድ ከደጋ ወርዶ ለእግሩ ጫማ የሚገዛው ሠራተኛ ግን ሸማች ነው።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሸማች የዕቃውን ዋጋ በግልጽ የማወቅ፣ ደረሰኝ የመቀበልና በአክብሮት የመስተናገድ መብት አለው፤ ዕቃውን አይተሃልና ግዛ ተብሎ አይገደድም። ጉድለት ካገኘበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። አጨዳው አልቆ ወደ ቀዬው ለሚመለስ ሰው 15 ቀን አጭር ነው። እናም ወንድሜ፣ ደረሰኝህን ሳትይዝ ከሱቁ አትውጣ፤ ዕቃህንም ቆላውን ሳትለቅ ፈትሽ። ሸማች መሆንህ መብት ይሰጥሃልና።