ተጥሎ የተነሣው የቀለም ማዕከል

ስለ ቀለም እይታ የሚደረገው ጥናት እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ድረስ ያተኮረው በዓይን ላይ ስለነበር፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1802 ብርሃን በሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን፣ ማለትም በሬቲና፣ ሦስት ዓይነት ተቀባዮች አሉ ብሎ ከገመተ ወዲህ ክርክሩ በአብዛኛው በተቀባዮቹ ቁጥርና ጠባይ ዙሪያ ሲካሄድ ቆይቷል። ግምቱ ትክክል እንደነበር በ20ኛው መቶ ዘመን ቢረጋገጥም፣ ሦስቱ ተቀባዮች የሚልኩት መረጃ በየትኛው የአንጎል ክፍል ቀለም ይሆናል የሚለው ጥያቄ የራሱ የሆነ፣ የሚያስቆጭም ታሪክ አለው።

የስዊዘርላንዱ የዓይን ሐኪም ሉዊ ቬሬ እ.ኤ.አ. በ1888 በስትሮክ የተጠቃች የአንዲት ሴት ሕመም መርምሮ ውጤቱን አሳተመ። ሴትዮዋ ከፊቷ ከሚታየው ሁሉ በስተቀኝ ያለው አጋማሽ ቀለሙ ጠፍቶ ግራጫ ሆኖ ይታያት ነበር፤ በስተግራ ያለው ግን ቀለሙ እንደ ወትሮው ነው። የአንጎል ግራ ንፍቅ ከሁለቱም ዓይኖች የቀኙን አጋማሽ፣ ቀኙ ንፍቅ ደግሞ የግራውን ስለሚቀበል፣ እንዲህ ከመሐል የተከፈለ ጉድለት ከዓይን ሊመጣ አይችልም። ከሞተች በኋላ በተደረገው የአስከሬን ምርመራም ጉዳቱ በግራ ንፍቀ አንጎሏ የኋለኛ ክፍል፣ በታችኛው ገጽ ባሉት ሊንጓልና ፉሲፎርም በተባሉ እጥፋቶች ላይ ተገኘ፤ ቬሬም የቀለም ማዕከል በዚሁ አካባቢ እንደሚገኝ ደመደመ።

ድምዳሜው ተቀባይነት አላገኘም። ስዊድናዊው ሳሎሞን ሄንሸን ያራምደው የነበረውና በዘመኑ የገነነው አስተሳሰብ፣ እይታ በሙሉ የሚያርፈው የሬቲና ግልባጭ በሆነ አንድ የአንጎል ቅርፊት ክፍል ላይ ነው የሚል በመሆኑ፣ ከዚያ ውጭ ላለ የቀለም ማዕከል ቦታ አልነበረውም። ይህን አቋም ያጸናው በአንደኛው የዓለም ጦርነት የራስ ቅላቸውን ከኋላ በኩል የተመቱ ወታደሮችን የመረመረው ጎርደን ሆምስ ሲሆን፣ ከቁስለኞቹ መካከል ቀለም ብቻ የጠፋበት ሰው አላገኘም። ነገር ግን ቬሬ የጠቆመው ቦታ ከአንጎል በታችኛው ገጽ ስለሚገኝና በአቅራቢያውም ትላልቅ የደም መልስ ሥሮች ስለሚያልፉ፣ በዚያ በኩል የተመታ ወታደር ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ የመሞት ዕድሉ ከፍተኛ ነበር። ሆምስ ሊመረምር የቻለው በሕይወት የተረፉትን ብቻ ነበርና የእሱ ግኝት የቬሬን ድምዳሜ ሊያፈርስ ባልተገባው ነበር፤ ሆኖም ለግማሽ መቶ ዓመት ያህል እንዳፈረሰው ተቆጠረ።

ጉዳዩን እንደገና ያነሣው በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪ የሆነው ሰሚር ዘኪ ነው። ዘኪ እ.ኤ.አ. በ1973 ሬሰስ በሚባሉ የእስያ ጦጣዎች አንጎል ውስጥ ቀጫጭን ኤሌክትሮዶች አስገብቶ፣ ቪ4 በተባለው አካባቢ ለቀለም ምላሽ የሚሰጡ በርካታ የነርቭ ሴሎችን አገኘ። በኋላም የፖላሮይድ ካሜራ ፈልሳፊ ኤድዊን ላንድ የቀየሰውን ዘዴ ተከትሎ፣ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው ወረቀቶች የተገጣጠሙበትን ሰሌዳ በረጅም፣ በመካከለኛና በአጭር ሞገድ ብርሃን እያበራ የሴሎቹን ምላሽ ለካ። ከዓይን የሚመጣው መረጃ መጀመሪያ በሚደርስበት የእይታ ቅርፊት፣ በቪ1፣ ያሉት ሴሎች የሚከተሉት ከወረቀቱ የሚነሣውን ብርሃን የሞገድ ርዝመት ነበር፤ በቪ4 የተገኙት ሴሎች ግን ከቀይ ወረቀት አረንጓዴው ብርሃን በልጦ ሲመጣ እንኳ፣ ሰው ወረቀቱን ቀይ አድርጎ እስካየው ድረስ ምላሽ መስጠታቸውን አላቋረጡም። ሎሚ በቀትር ፀሐይም በኩራዝ ብርሃንም ቢጫ ሆኖ የሚታየው፣ አንጎል ከአንድ ቦታ የሚመጣውን ብርሃን ከዙሪያው ከሚመጣው ጋር እያነጻጸረ ቀለሙን ስለሚወስን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 የአንጎልን የደም ፍሰት በሚለካው ፔት በተባለ መሣሪያ የተመረመሩ ጤነኛ ሰዎች ባለቀለም ሰሌዳ ሲያዩ፣ የደም ፍሰቱ የጨመረው ቬሬ በጠቀሳቸው እጥፋቶች ላይ ነበር። ይሁን እንጂ ቪ4 የተወገደባቸው ጦጣዎች ቀለም የመለየት ችሎታቸውን ጨርሰው እንዳላጡ በመታየቱ፣ አንድ ብቸኛ ማዕከል አለ የሚለው አገላለጽም በተራው ተፈትኗል፤ ቤቪል ኮንዌይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳሳዩትም፣ በጦጣ አንጎል ውስጥ ለቀለም የተለዩት ሴሎች የሚገኙት ጥቂት ሚሊሜትር ስፋት ባላቸውና ከቪ4 አልፈው በተበታተኑ ትናንሽ ሠፈሮች ተሰባስበው ነው።