«ሳሃብ» ለስልክ ስንት ቁጥር ነው?

ከአማን በስተደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው የኢንዱስትሪ ከተማ በሳሃብ ዐረብኛው በመንገድ ምልክቶች፣ ቤንጋሊውና አማርኛው ደግሞ በሠራተኞች የእጅ ስልክ ላይ ይነበባሉ። ፊደላቱ ለዓይን ልዩ ልዩ ቅርጽ ቢኖራቸውም፣ ስልኩ የሚያስቀምጣቸውና የሚልካቸው በቁጥር ነው። ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቋሚ ቁጥር የሚሰጠው መለያ ዩኒኮድ ይባላል። የግዕዝ ፊደል በዚህ መዝገብ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ሲሆን፣ ከ4608 እስከ 4991 ያለው ስፍራ ተመድቦለታል።

አመዳደቡ ከፊደል ገበታው እምብዛም አይርቅም። «ሀ» 4608 ነው፤ ቀጥሎ «ሁ» 4609 እያለ እስከ «ሆ» 4614 ይዘልቃል። «ለ» የሚጀምረው ከ4616 ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ተይዟልና። ስለዚህ «ሳሃብ» ለስልኩ 4659፣ 4611 እና 4709 ማለት ነው። ዐረብኛው በሌላ መንገድ ይሄዳል፦ አንድ ፊደል በቃሉ መጀመሪያ፣ መካከልም ሆነ መጨረሻ ቅርጹን ቢለውጥም ቁጥሩ አንድ ነው። ቤንጋሊው ደግሞ ለተነባቢው አንድ ቁጥር፣ ለአናባቢው ምልክት ሌላ ቁጥር ይሰጣል።

የቤንጋሊው አሠራር አንድ ፊደል ለዓመታት አከራክሯል። «ኾንዶ ቶ» የሚባለው ይህ ፊደል አናባቢ የሌለው «ት» ሲሆን፣ በዓል የሚል ፍቺ ባለው በተለመደው ቃላቸው ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። ቀድሞ የራሱ ቁጥር ስላልነበረው «ቶ»ን፣ አናባቢ የሚያጠፋውን ምልክትና አንድ የማይታይ አገናኝ በማሰለፍ ይጻፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው እትም 4.1 ግን 2510 የተሰኘ የራሱን ቁጥር አገኘ። በዚያው እትም የግዕዙም መዝገብ ሰፍቶ፣ «ሇ»ን የመሳሰሉ የቀሩ ፊደላት ተጨምረዋል። አማርኛው «ት» በበኩሉ ከመጀመሪያው 4725 ነበረ፤ እንዲህ ያለ ክርክር አልገጠመውም።

የአማርኛው ችግር ሌላ ነው። የከተማይቱ ስም በዐረብኛ የሚጻፈው ከ«ሐ» ጋር በሚዛመደው «ሓእ» ነው። ይህን የሚያውቅ ጸሐፊ «ሳሓብ» ይላል፤ ሌላው «ሳሃብ»፣ ሦስተኛው «ሳሀብ» ይጽፋል። ጆሮ አንድ የሚላቸውን 4627፣ 4611 እና 4608ን መሣሪያው ሦስት አድርጎ ያያቸዋል። ስምም እንዲሁ ነው፦ በመዝገብ «ኃይሌ» ተብሎ የገባ ሰው «ሀይሌ» ተብሎ ቢፈለግ፣ ፍለጋው ሞክሼ ፊደላትን እንዲያመሳስል ካልተሠራ በቀር፣ «አልተገኘም» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ደመወዙን ወይም ውሉን የሚከታተል ሠራተኛ ስሙ በመጀመሪያው ሰነድ እንዴት እንደተጻፈ ቢይዝ፣ ካልተገኘም በሌላው ሞክሼ ቢያስፈልግ ይበጀዋል።

አማርኛ በባዶ ሳጥኖች ተተክቶ ሲታይ መልእክቱ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ቁጥሩ ደርሷል፤ የጎደለው ቅርጹን የሚሥለው ፎንት ነው። በጥያቄ ምልክት ከተተካ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ ራሱ በመንገድ ጠፍቷልና ላኪው ደግሞ እንዲልክ መጠየቅ ይገባል። ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ድርድር ከሆነ ሰነዱ ምናልባት በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በፓወር ግዕዝ ቀደምት ቅጂ የተጻፈ ነው፤ እነዚህ የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ያሳርፉ ነበርና። ያንኑ ፎንት ማግኘት ወይም ወደ ዩኒኮድ ማስለወጥ ያስፈልጋል።

አጭር የጽሑፍ መልእክት ላይም ልዩነት አለ። በላቲን ፊደል አንዱ መልእክት 160 ፊደል ሲይዝ፣ በመካከሉ አንዲት የአማርኛ ፊደል እንኳ ከገባች ወርዶ 70 ይሆናል። ክፍያው በመልእክት ቁጥር ለሆነ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ይሁንና ጉዳቱ የሚመስለውን ያህል አይደለም፦ «እንደምን አደራችሁ» ባዶ ቦታውን ጨምሮ 11 ሲሆን፣ በላቲን ሲጻፍ ወደ 18 ይደርሳል።