በዋሺንግተን የተቈረጠው ነገር ሐረር ሲደርስ



ስለ አሜሪካ የመቶ ዓመት ታሪክ ሲነገር ዘወትር የሚጠሩት ዋሺንግተንና ኒውዮርክ ናቸው። እኔ ግን ዛሬ ይህንኑ ታሪክ ከሐረር ላይ ሆነን እንድንመለከተው እለምናችኋለሁ። በአቦከር ወይም በጀጎል ግንብ ውስጥ የሚኖር ሰው የአሜሪካ ምክር ቤት በየትኛው ቀን ምን ሕግ እንዳወጣ ላያውቅ ይችላል፤ ሕጉን ያወጡትም ሰዎች ሐረር በየት በኩል እንደምትገኝ ባያውቁ አያስደንቅም። ሆኖም አሜሪካ መንገድዋን ከለወጠችባቸው ጊዜያት ሦስቱ ከዚያች ከተማ ደጃፍ ደርሰዋል። ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

በጥቅምት ወር 1922 ዓ.ም. የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። በተከታዮቹ ዓመታት ባንኮች ተዘጉ፤ ሥራ ሊሠራ ከሚችለው ሰው ከአራቱ አንዱ ያህል ሥራ ፈት ሆነ። በኦክላሆማና በአጎራባቾቿ ደግሞ ድርቅ ገብቶ፣ ያለ ልክ የታረሰው አፈር በነፋስ እየተነሣ ፀሐይን ጋረደ፤ ገበሬውም ቤቱን እየዘጋ ተሰደደ። (ይህችን ኦክላሆማ አስታውሱልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።) በዚህ ላይ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከ100 ሺህ በላይ ወታደር የሞተበት ይህ ሕዝብ፣ ወደ ጦርነቱ የነዱን የመሣሪያ ነጋዴዎች ናቸው የሚል ጥርጣሬ ስላደረበት፣ የሌላው ዓለም ጠብ አይመለከተኝም አለ። ከዚህ አሳብ የተወለደው የገለልተኛነት ሕግ ነሐሴ 25 ቀን 1927 ዓ.ም. ጸደቀ። የሕጉም ፍሬ ነገር፣ በጦርነት ላይ ላሉት ለሁለቱም ወገኖች መሣሪያ እንዳይሸጥ የሚያግድ ነው።

ቀኑን ልብ በሉት። አንድ ወር ከጥቂት ቀን በኋላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር መረብን ተሻገረ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት እገዳውን በወራሪው ላይ ብቻ ለማድረግ ሥልጣን እንዲኖራቸው ፈልገው ነበር፤ ምክር ቤቱ ግን አልፈቀደም። ስለዚህ ወራሪና ተወራሪ በአንድ ሚዛን ተቀመጡ። እኩልነቱ የወረቀት እኩልነት ነበር። ኢጣልያ መድፉንም አይሮፕላኑንም በገዛ ፋብሪካዋ ትሠራለች፤ ኢትዮጵያ ግን ከውጭ ገዝታ ካላስመጣች የላትም። የአይሮፕላንና የካሚዮን ነፍስ የሆነው ነዳጅ ደግሞ ከመሣሪያ ስላልተቈጠረ ለኢጣልያ መሸጡ ቀጠለ። ጥይትን ከልክሎ ነዳጅን የሚያሳልፍ ሕግ፣ በእኔ አስተያየት፣ በሩን ቈልፎ መስኮቱን ከፍቶ የሚተኛ ዘበኛን ይመስላል።

መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አይሮፕላኖች በሐረር ላይ ደረሱ። ከተማይቱ ጦር የማይሰፍርባት ክፍት ከተማ መሆኗ አስቀድሞ ለዓለም ተነግሮ ነበር። ቦምቡ ግን የነዋሪውን ቤትም ሆነ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበትን ሆስፒታል አልማረም። ሚያዝያ 30 ቀን የግራዚያኒ ጦር ገባባት።

በዚያ ጊዜ አሜሪካ ሁሉ ዝም ብላ ነበር ማለት ግን ግፍ ይሆናል። በኒውዮርክ ከተማ ሃርለም በሚባለው ሠፈር የሚኖሩ ጥቁሮች ስለ ኢትዮጵያ ሰልፍ ወጥተዋል፤ ገንዘብም አዋጥተዋል። ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም. ጆ ሉዊስ ግዙፉን ኢጣልያዊ ፕሪሞ ካርኔራን በቦክስ ሲጥለው፣ ብዙዎቹ የተጋጠሙት ኢትዮጵያና ሙሶሊኒ እንደ ሆኑ አድርገው ደስ አላቸው። ጆን ሮቢንሰን የተባለው አብራሪ ከቺካጎ መጥቶ ጥቂቶቹን አይሮፕላኖቻችንን በአዛዥነት መርቷል። ለመዝመት የተመዘገቡት ሌሎች ብዙ ነበሩ፤ ነገር ግን ለባዕድ ጦር መመልመልን የሀገራቸው ሕግ ስለሚከለክል በዚያው ቀሩ።

ገለልተኛነቱ ብዙ አልቈየም። ኅዳር 28 ቀን 1934 ዓ.ም. ጃፓን ፐርል ሃርበርን በደበደበች ጊዜ አሜሪካ ከዓለም ጠብ መሸሸግ እንደማይቻል ተረዳች። የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትና ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በግብፅ፣ በሱዌዝ መተላለፊያ ላይ በቆመችው ኩዊንሲ በተባለች የጦር መርከብ ተገናኙ።

ሁለተኛው ለውጥ የመጣው ከፕሬዚዳንት ትሩማን ነው። ጥር 12 ቀን 1941 ዓ.ም. ባደረጉት ንግግር በአራተኛ ነጥብ ያስቀመጡት አሳብ፣ አሜሪካ እውቀቷን ላልበለጸጉ አገሮች ታካፍላለች የሚል ነበር። ነገሩ ቸርነት ብቻ አልነበረም፤ ድኻው አገር ወደ ኮሙኒስቶች እንዳያዘነብል መሥጋታቸውም ነበረበት። ሐሳቡ በሥራ እንዲገለጥ ከደከሙት መካከል የኦክላሆማ የእርሻና የሜካኒክ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሄንሪ ቤኔት አንዱ ናቸው። በ1942 ዓ.ም. አገራችንን ጐበኙ፤ ኋላም የመርሐ ግብሩ የመጀመሪያ ኀላፊ ሆኑ። በታኅሣሥ 1944 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር በኢራን በአይሮፕላን አደጋ ሞቱ። ውሉ የተፈረመው ከሞቱ በኋላ፣ በግንቦት ወር ነው። ትምህርቱ በጅማ ተጀምሮ፣ ኮሌጁ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በዓለማያ ተሠራ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በጥር 1950 ዓ.ም. መርቀው ከፈቱት።

ወደ ዓለማያ የመጣው ሕንጻና ትራክተር ብቻ አይደለም፤ የአሠራር ልማድም ነው። በፕሬዚዳንት ሊንከን ዘመን፣ በ1854 ዓ.ም. በወጣ ሕግ፣ የአሜሪካ መንግሥት ለየክፍለ ሀገሩ መሬት እየሰጠ፣ በሽያጩ ገንዘብ የገበሬና የባለ እጅ ልጅ የሚማርበት ኮሌጅ እንዲቆም አደረገ። የነዚህ ኮሌጆች ሥራ ሦስት ነው፤ ማስተማር፣ መመራመር፣ የተገኘውንም ይዞ ወደ ገበሬው ማሳ መሄድ። ሦስተኛው ለእኛ እንግዳ ነበር፤ የተማረ ሰው ከቢሮ ወጥቶ ጭቃ ይረግጣል ብሎ ያሰበ ጥቂት ነው። አፈሩ በነፋስ ሲወሰድ ያየው የኦክላሆማ ኮሌጅ፣ አፈሩ በጐርፍ ወደሚታጠበው ወደ ሐረርጌ ተራራ መምጣቱ የተገባ ነበር።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል። በዚያችው በኦክላሆማ ጥቁርና ነጭ በአንድ ክፍል እንዳይማሩ ሕግ ይከለክል ነበር። ማክሎሪን የሚባል ጥቁር መምህር በዩኒቨርስቲ ትምህርቱን ሊቀጥል ገብቶ፣ በክፍልም በቤተ መጻሕፍትም በመመገቢያም ለብቻው ተለይቶ እንዲቀመጥ ተደረገ፤ ይህ ሕገ ወጥ ነው ተብሎ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተፈረደለት በግንቦት 1942 ዓ.ም.፣ ከዓለማያ ውል ሁለት ዓመት በፊት ነው። በትምህርት ቤት ዘርን መለያየት በአገሪቱ ሁሉ ሕገ ወጥ የሆነው ግንቦት 9 ቀን 1946 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዘጠነኛው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ዋሺንግተን ገቡ፤ በሰኔም ኦክላሆማ ድረስ ሄደው ኮሌጁን ጐበኙ። የመምረጥን መብት የሚጠብቀው ሕግ እስኪወጣ ድረስ ግን ገና እስከ 1957 ዓ.ም. መታገል ነበረባቸው።

ሦስተኛው ለውጥ መራራ ነው። ነሐሴ 3 ቀን 1966 ዓ.ም. ኒክሰን ከፕሬዚዳንትነት ለቀቁ፤ ከአንድ ወር ከጥቂት ቀን በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የቬትናም ጦርነት በአሜሪካ ሽንፈት አለቀ። ከዚህ በኋላ የተመረጡት ካርተር የሰብዓዊ መብትን ነገር መመሪያቸው አድርገው፣ በየካቲት 1969 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን ርዳታ ቀነሱ። ደርግም በሚያዝያ የቃኘውን ጣቢያና የጦር መማክርቱን አስወጣ። በወቅቱ በኢትዮጵያ የሚፈሰው ደም የሚያስቈጣ አልነበረም የሚል የለም፤ ግን ከ1945 ዓ.ም. ጀምሮ መሣሪያውን በብዛት ከአሜሪካ የለመደ ጦር ባዶ እጁን ቀረ። በሐምሌ የሶማልያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ፤ በመስከረም ጅጅጋን ያዘ፤ በኅዳር 1970 ዓ.ም. ሐረር ደጃፍ ደረሰ።

ከተማይቱ አልተያዘችም። የሶቪየት መሣሪያና የኩባ ወታደር ደርሶ፣ በየካቲት ጅጅጋ ተመለሰች። ነገር ግን የሶማልያን ሚግ አይሮፕላኖች አስቀድመው ከሰማይ ያወረዱት ኤፍ አምስት የተባሉት አሜሪካ ሠራሽ አይሮፕላኖች፣ አሜሪካ ያሠለጠነቻቸው ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ይዘዋቸው ነበር።

የዓለማያ ኮሌጅ በ1977 ዓ.ም. ዩኒቨርስቲ ሆነ፤ በ1998 ዓ.ም. ሐረማያ ተባለ።